ችግኙን ተከልን፤ ውሃ የሚያጠጣውስ ማነው?

ይህን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። መልሱ ከጠበቅኩት በላይ በዛ። ብዙዎቻችሁ ከመሃል ስለገባችሁ፣ ከላይ ጀምሮ የተባለውን በቅደም ተከተል አሰባስቤዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ሐሳቡን በራሴ አነጋገር ነው ያስቀመጥኩት። ስድብ ብቻ የሆኑትን አልፌያቸዋለሁ።

የመነሻው ጥያቄ

የምኖረው አዲስ አበባ፣ አንድ የኮንዶሚኒየም ሳይት ውስጥ ነው። ከብሎኮቻችን ጀርባ የኳስ ሜዳ ግማሽ የሚያህል ክፍት ቦታ አለ። ፕላኑ ላይ አረንጓዴ ተቀብቷል። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ከወረዳ ሰዎች ይመጣሉ። እኛም ልጆቻችንን ይዘን እንወጣለን። ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል። እስከ ጥቅምት ድረስ ደስ ይላል። ኅዳር ላይ ቅጠሉ መጠውለግ ይጀምራል። ጥር ሲገባ የቀረው ጭራሮ ነው። በቀጣዩ ሐምሌ ሌላ ችግኝ ይመጣና እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል። ጉድጓዱ ያው ነው፤ ችግኙ ብቻ ይቀያየራል።

በቅርቡ ከደረቁት አንዱን ነቅዬ አየሁት። ችግኝ ጣቢያ የበቀለበት ጥቁር ፕላስቲክ አሁንም ሥሩ ላይ ነበር። ሳይቀደድ ነው የተተከለው። ሥሩ መውጫ አጥቶ እዚያው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ተጠምጥሟል። በጣም አዘንኩ። ያንን ጉድጓድ የቆፈሩት ጎረቤቶቼ ናቸው፤ ላባቸውን አፍስሰውበታል።

ለአረንጓዴ ቦታ ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ በጥቂት ዓመታት የተሠራውን ሁላችንም አይተናል። አንድነት ፓርክ መስከረም 2012 ተከፈተ። ወዳጅነት ፓርክ በዚያው ዓመት ጳጉሜን ላይ፣ እንጦጦ ፓርክ ደግሞ መስከረም 2013 ተከተሉ። ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ ለማልማት 29 ቢሊዮን ብር ያስፈልጋል ተብሎ፣ ግንቦት 2011 በተዘጋጀው ገበታ ለሸገር አንድ የራት ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ተሸጧል። የከተማው ምክር ቤት ለ2017 ያጸደቀው በጀት ከ230 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። ታዲያ ከዚህ ሁሉ ወደ እኛ ሰፈር የሚደርሰው በየት በኩል ነው? ውሃ የሚያጠጣውን ሰው የሚቀጥረው ማነው? ማንን እንጠይቅ?

መልሶቹ

1. የመጀመሪያዋ መላሽ በሌላ ሳይት የኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረች ሴት ናት። በትሕትና ነው የመለሰችው። ከሁሉ በፊት ቦታው የማን እንደሆነ ለዩ ትላለች። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት በኮንዶሚኒየሙ ይዞታ ውስጥ ያለውን የጋራ መጠቀሚያ የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶቹ ማኅበር ነው። ደረጃውም፣ ጣሪያውም፣ በግቢው ውስጥ ያለው ሣርም። ከዚያ መስመር ውጪ ያለው የከተማው ነው። መስመሩ የት እንደሚያልፍ ሳታውቁ ከሄዳችሁ፣ ወረዳው ወደ ማኅበሩ፣ ማኅበሩ ወደ ወረዳው ይመልሳችኋል። እኛ ጋ የሆነውም ልክ ይኸው ነው።

2. ሁለተኛው ይህንኑ አጠናክሮ፣ የሳይቱን ፕላን ማኅተም ያለበት ቅጂ ከክፍለ ከተማ አውጡ ይላል። በእጅ የተሳለ ንድፍ ይዞ መሟገት አያዋጣም።

3. እኛም ጋ ደርቋል የሚል አጭር መልስ። ከሥሩ ብዙ ሰው ተስማምቷል።

4. አራተኛው መላሽ ሁሉን ነገር ከመንግሥት መጠበቁን አልወደደውም። ሁለት መቶ አባወራ አንድ አንድ ጀሪካን ቢያወርድ ችግኙ አይደርቅም ነበር ባይ ነው። በዕድሩ በኩል ተራ አውጡ፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ብሎ ጨረሰ። ሐሳቡን አልንቀውም። ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች እናት ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሳምንት ጀሪካን ተሸክማ እንድትወርድ መጠየቅ ከባድ ነው።

5. አምስተኛዋ ቆጣ ብላ መጣች። ተረት የውሃ ቢል አይከፍልም አለች። ግብር እንከፍላለን፣ የጽዳት ክፍያም ከውሃ ቢላችን ጋር በየወሩ ይቆረጣል፤ ታዲያ ያ ገንዘብ ምን እየሠራ ነው ብላ ጠየቀች።

6. ስድስተኛው እርጋታ ያለው ሰው ነው። አምስተኛዋን አርሟታል። ከውሃ ቢል ጋር የሚሰበሰበው ክፍያ ለደረቅ ቆሻሻ ነው፤ በየቤቱ እየዞሩ ማዳበሪያ በጀርባቸው ተሸክመው ቆሻሻ ለሚሰበስቡት ማኅበራት። የአረንጓዴ ቦታ ወጪ የሚሸፈነው ከመደበኛው በጀት ነው። እኔንም አርሞኛል። አንድነት ፓርክን የመሳሰሉት በጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት መሪነት፣ በልገሳና በውጭ ድጋፍ የተሠሩ ናቸው። ወዳጅነት ፓርክ ላይ የቻይና ድጋፍ አለበት። ስለዚህ እነሱን አይቶ የከተማው ምክር ቤት ገንዘብ እዚያ ገባ ብሎ መደምደም አይቻልም። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ለአንድ ትልቅ ፓርክ ለጋሽ ይገኛል። ለአንድ አትክልተኛ የወር ደመወዝ ግን ሪባን የሚቆርጥ ለጋሽ አይመጣም። ያንን መሸከም ያለበት በጀት ብቻ ነው።

7. ይህን መልስ ከሁሉም አብልጬ ወደድኩት። ጸሐፊው ለረጅም ጊዜ ችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው ነው። ለአንድ ችግኝ አደገኛው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለት በጋዎች ናቸው ይላል። ክረምቱ መስከረም ላይ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ ጥር የሚዘንበው ኢምንት ነው። የበልጉ ካፊያም አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይቀራል። በነዚህ ወራት አዲስ ችግኝ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ጠግቦ መጠጣት አለበት። በየቀኑ አንድ ኩባያ ማፍሰስ ጉዳት ነው፤ ሥሩ ላይ ላዩን ይቀራል፣ ወደ ታች አይወርድም። ዙሪያውን በደረቅ ሣር መሸፈን እርጥበቱን ያቆያል፤ ሣሩ ግን ግንዱን እንዳይነካ። ጉድጓዱ ከመትከያው ቀን አስቀድሞ ተቆፍሮ፣ የላዩ አፈርና የታቹ አፈር ለየብቻ መቀመጥ አለበት። ሲተከል የላዩ አፈር ነው ወደ ሥር የሚገባው። ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች መሰንጠቅ፣ አፈሩ እንዳይፈርስ በሁለት እጅ ይዞ ማውጣት። ፕላስቲኩ ለምን እንደሚቀርም ነገረን። በአንድ ጠዋት ይህን ያህል ሺህ ተከልን ለማለት ሲሮጥ፣ እያንዳንዱን ቀድዶ ለማውጣት ጊዜ አይተርፍም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሏል። እሱም እንደ ብዙዎቻችን በዚያ ቀን ወጥቶ ተክሏል፤ ኩራትም ተሰምቶታል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በየዓመቱ ጥር ላይ ደግሞ ስንቱ ጸደቀ የሚል ቆጠራ በየወረዳው ይደረግና ይለጠፍ።

ከ8 እስከ 10. ምን ይተከል በሚለው ላይ ክርክር ተነሳ። ስምንተኛው ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል፣ ውሃም ብዙ አይለምንም አለ። ዘጠነኛዋ ወዲያው ተነሳችበት። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የማገዶ ችግር ሲጠና መጥቶ ከተማዋን ከመፍለስ አድኗታል፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን ለብሎክ ጀርባ አይሆንም። ሥሩ ውሃ ያሳድዳል፣ የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ይገባል። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር ላይ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል ለመተካት ስንት ዓመት እየለፋ እንደሆነ ሄዳችሁ እዩ አለች። እኔም ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ማዕከሉ የከተማ አስተዳደሩና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጋራ ሥራ ነው። ከተማ አስተዳደር በትዕግሥት ሲሠራ ምን ማድረግ እንደሚችል ማየት የሚፈልግ ሰው እዚያ ይሂድ። አሥረኛው ወይራ፣ ዝግባና ጽድ ለልጅ ልጅ፣ ግራቪሊያ ለጊዜው ጥላ ብሎ አስታረቃቸው። ሰባተኛው መላሽ ተመልሶ መጥቶ በዚህ ተስማምቷል።

11. ጋሼ እያልን የምንጠራቸው አንድ አንጋፋ አባል የድሮዎቹን መናፈሻዎች አስታወሱን። ብሔረ ጽጌ፣ አምባሳደር፣ ፒኮክ፣ ሐምሌ 19። በሳቸው ጊዜ ሙሽራ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ መናፈሻ ሳይገባ ሠርግ ሠርግ አይመስልም ነበር። ቪዲዮ ቀራጩ ሙሽሮቹን አበባው መሃል ያመላልሳቸዋል፣ ሚዜዎቹ ሣሩ ላይ ይጨፍራሉ። እሳቸውም ተድረው ብሔረ ጽጌ ገብተዋል። ከዚያ ዘመን የሚናፍቃቸው ግን ሠርጉ ሳይሆን ሠራተኛው ነው። መናፈሻው የራሱ አትክልተኛ ነበረው። ማለዳ ጎማ ጎትቶ ሲያጠጣ ያዩታል፣ ሰላም ይሉታል፣ አበባ የሚቀጥፍ ልጅ ሲያይ ይቆጣል። ዛሬ ብዙ ቦታ የሚያዩት ጥበቃ ብቻ ነው። ጥበቃ ሰው ያስቆማል እንጂ ዛፍ አያሳድግም ብለው ነው የጨረሱት። በዚህ አባባላቸው መቶ በመቶ እስማማለሁ።

12. ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ የከረረው። አሥራ ሁለተኛዋ ሦስት ልጆች ያሏት እናት ናት። አንድነት ፓርክ ሲከፈት መደበኛው መግቢያ 200 ብር ነበር። እሷ፣ ባሏ፣ ልጆቿ፣ ታክሲ፣ ውሃ፣ ብስኩት። ደምራ ስታየው ለዓመት አንድ ቀን ካልሆነ አይታሰብም። ስለዚህ የኔን ጥያቄ ትደግፋለች። ልጅ በየቀኑ የሚጫወተው ቤቱ ደጃፍ ባለው ቦታ ነው፤ ደጃፉ ደግሞ አቧራ ነው።

13. አሥራ ሦስተኛው ይህን አልተቀበለም። ትልልቆቹ ፓርኮች ሥራ ፈጥረዋል፣ ገቢም ያስገባሉ አለ። ከ2016 ጀምሮ የተሠራውን የኮሪደር ልማትም ጠቀሰ። ከአራት ኪሎ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ማታ ማታ ቤተሰብ በነፃ ይንሸራሸራል፣ ልጆች ብስክሌት ይነዳሉ፣ አግዳሚ ወንበርና መጸዳጃ አለ። ይህን አለማየት ምቀኝነት ነው ብሎ ጨመረ። ያቺ የመጨረሻዋ ቃል እሳቱን ለኮሰችው።

ከ14 እስከ 16. አሥራ አራተኛው ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። ሰፈሩ ለልማቱ ሲፈርስ ጎረቤቱ በየአቅጣጫው ተበተነ። የእናቱ ዕድርም አብሮ ተበተነ። አሁን ልቅሶ ለመድረስ ከከተማው ጫፍ ጫፍ በሁለት ታክሲ ይኬዳል። የተነጠፈው ሣር ያማረ መሆኑን አልካደም። ግን አንድ ሰፈር እርስ በርስ የሚጠያየቅበትን ገመድ በጥሶ ሣር ማንጠፍ የማኅበረሰብ አገልግሎት አይባልም ብሎ ጽፏል። አሥራ አምስተኛው ሰደበው። አሥራ ስድስተኛው የመድረኩ አስተናባሪ ነው፤ ስድቡን አጥፍቶ ሁሉንም በጨዋነት ጠየቀ።

የኔን አቋም ልናገር። የ13ኛውም የ14ኛውም ዓይን ያየው እውነት ነው። ያንን መንገድ እኔም ማታ ማታ እሄድበታለሁ፣ ደስ ይለኛል። የተበተነ ዕድርም አውቃለሁ። አንዱን ለማመን ሌላውን መካድ የለብንም። ምቀኛ የሚለው ቃል ግን እዚህ ቦታ የለውም። ሰው ስለ ሰፈሩ ሲያዝን ሊደመጥ ይገባል።

17. ከዋሽንግተን ዲሲ የጻፈች እህት ነገሩን ወደ መስመሩ መለሰችው። እዚያ መንገድ ዳር ዛፍ የሚፈልግ ሰው 311 ደውሎ ያመለክታል። ከተማው ከጥቅምት አካባቢ ጀምሮ በብርዱ ወራት በነፃ ይተክላል። ተክሎ ግን ዝም አይልም። ከደጃፉ ያለውን ዛፍ ለማጠጣት የሚስማማ ነዋሪ ይመዘግባል። ለተመዘገበው ሰው ግንዱ ሥር የሚቀመጥ፣ ውሃውን ቀስ እያለ የሚያንጠባጥብ ከረጢት ይሰጠዋል። በሙቀቱ ወራት በሳምንት 95 ሊትር ያህል ነው የሚጠበቅበት። እሷም ተመዝግባ አጠጥታለች። ሌላም ነገር ነገረችን። የከተማው ምክር ቤት በጀት ከማጽደቁ በፊት ሕዝብ ይሰማል። ማንም ነዋሪ ስሙን አስመዝግቦ ለጥቂት ደቂቃ ይናገራል። በፈረንጆቹ 2004 በወጣው የቋንቋ ሕግ ምክንያት ዋና ዋና ሰነዶች በአማርኛም ይዘጋጃሉ፤ አስተርጓሚም ይጠየቃል። እንግሊዝኛ የማይሆንላቸው የኛ እናቶችም እዚያ መናገር ይችላሉ ማለት ነው።

18. መልሱ ወዲያው መጣ፤ ስለታም ነበር። ሃያ አራት ሰዓት ቧንቧ የማይቋረጥበት አገር ተቀምጠሽ እኛን አታስተምሪን የሚል ይዘት ያለው። አሥራ ስምንተኛው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቶ ሮቶ የሚሞላ ሰው ነው። ምሬቱ ይገባኛል።

19. እሷ ግን አልተቀየመችም። ወንድሜ ብላ ነው የጀመረችው። ስለ ሀብት እያወራሁ አይደለም አለች። ዲሲ ውስጥም ሰው ካላጠጣው ዛፉ ይደርቃል፤ ደርቆም አይታለች። ልዩነቱ የእያንዳንዱ ዛፍ ኃላፊ የሚታወቅ መሆኑ ነው። አንድ ዛፍ ሲደርቅ የሚጠየቅ ሰውና መሥሪያ ቤት በወረቀት ላይ አለ። እናንተስ ሐምሌ ላይ ስትተክሉ ማን ነው የፈረመው ብላ ጠየቀች።

እዚህ ላይ ቆም አልኩ። ማንም አልፈረመም። ወረዳው ያስተከለበትን ሪፖርት አድርጓል። እኛ ተክለን ገብተናል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት የማንም አይደሉም። ለመትከል የተቆረጠ ቀን አለው፤ ለማጠጣት ግን ቀንም፣ ሰውም፣ ብርም አልተመደበለትም። የኛ ሰፈር ችግር በአጭሩ ይኸው ነው።

20. ሃያኛዋ የሳይታችን ነዋሪ ናት፤ አውቃታለሁ። ሁላችንም የረሳነውን አነሳች። ያ ቦታ ባዶ መሬት አይደለም። የለቅሶ ድንኳን የሚተከለው እዚያ ነው። የመስቀል ደመራ የሚለኮሰው እዚያ ነው። በዓል ሲደርስ በግ የሚታረደው፣ በርበሬ የሚሰጣው፣ ልጆች ኳስ የሚራገጡት እዚያው ነው። መሃሉን በችግኝ ብትሞሉት፣ አንድ ሰው የሞተ ቀን ድንኳን ተካዮቹ ይነቅሉታል፤ ነቅለውትም ያውቃሉ። ስለዚህ ዛፉ ዳር ዳሩን ይሁን፣ መሃሉ ክፍት ይቅር አለች። ይህን አንድም ባለሙያ አልነገረንም። የለቅሶ ወጥ ስትሠራ እሳቱ የት እንደሚነድ የምታውቅ ሴት ነገረችን። አሁን በሜትርና በገመድ ሳይሆን በዚህ እውቀት ነው ንድፉን መጀመር ያለብን።

21. አንድ ወጣት ኳስ የሚጫወቱበት ሌላ ክፍት ቦታ ለመኪና ማቆሚያ እንደተሰጠ ጻፈ። የተሰጣቸውም ሥራ ያጡ የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ እነሱን አይቃወምም። ግን ለአንዱ ወጣት እንጀራ ለመስጠት የሌላውን ሜዳ መውሰድ አማራጭ ሲጠፋ እንጂ በቅድሚያ መደረግ የለበትም ይላል። ባዶ የሚመስል ቦታ ቶሎ ይወሰዳል፤ ስለዚህ ካርታ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቀለም ዛሬውኑ አስከብሩ ብሎ መከረን። ሁለተኛው መላሽ ያለው ማኅተም ያለበት ፕላን እዚህ ላይ ዋጋው ታየኝ።

22. ሃያ ሁለተኛዋ ጉሊት የምትሸጥ ሴት ናት። ስለ ዛፍ ብዙ አላወራችም። መናፈሻ ስትሠሩ ሽንት ቤት አስቡ አለች። ወንዱ ግድግዳ ያገኛል፤ ሴት ልጅ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች። ሌሎች ሴቶችም ይህንኑ ደገፉ። መሆን ያለበት ነው፤ ክርክርም አያስፈልገው።

23. ሌላው ከቦታችን ጥግ ስለሚከመረው ቆሻሻ አነሳ። ገንዳው ሲሞላ ሰው ከጎኑ ይጥላል፣ ውሻ ይበትነዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ወደ ወንዙ ይገባል። መጋቢት 2 ቀን 2009 የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተደርምሶ ከ100 በላይ ወገኖቻችን ያለቁበትን ቀን አስታወሰን። እዚያ ያለው ተራራ በየቤታችን የተጀመረ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ባልሞላ ጊዜ፣ ነሐሴ 2010 ረጲ ላይ ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ጣቢያ ተመርቋል። ግን ከየቤቱ የሚወጣው አብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ። እርጥብ ስለሆነ ለማቃጠልም አይመችም። ብስባሽ ቢሆን ግን ያው የምንጮህለትን ችግኝ ያበላል። በቦታው ጥግ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሩ፣ አንዱ ሲሞላ ሌላውን ክፈቱ አለ። ፕላስቲኩንና ብረቱን ቆራሌው ራሱ ይፈልገዋል።

24. ይህ ከ23 ጋር ተያይዞ ወደ ጎመን ወሰደን። የከተማ ግብርና ይሻላል፣ ዛፉን ትታችሁ አትክልት ዝሩ የሚል ሰው መጣ። ሰባተኛው መላሽ ዳግመኛ ገብቶ አስጠነቀቀ። አትክልት ከዛፍ የበለጠ ውሃ ይጠጣል። ውሃ ሲጠፋ ደግሞ ሰው ወደ ወንዙ ይሄዳል፤ በአቃቂ ወንዝ ውሃ የለማ ጎመን ፋብሪካ የለቀቀውን ሁሉ ይዞ ገበታ ላይ ይመጣል። ከዚህ በኋላ ክሩ ለጥቂት ጊዜ የጎመን አሠራር ላይ ቆየ። አልፌዋለሁ።

25. የጣሪያ ውሃ። ብሎኮቻችን ሰፊ ጣሪያ አላቸው። የክረምቱ ውሃ በአሸንዳ ወርዶ መንገዱን ያጥለቀልቃል። ሮቶ አስቀምጡና ያዙት የሚል ቀላል ሐሳብ ነው። የሮቶው ውሃ በጋውን ሙሉ እንደማይበቃ ራሱ ጸሐፊው ተናግሯል፤ ጥቅምትና ኅዳርን ግን ያሻግራል። የልብስ ማጠቢያ ውሃም ይጨመር የሚሉ ነበሩ። በረኪና ካለበት ችግኙን ይገድላል ተብሎ ተመለሰላቸው።

26. የምፈልገው መልስ እዚህ መጣ። ጸሐፊው በአንድ ክፍለ ከተማ ውስጥ በበጀት ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው። ምንም ሳያጋንን አስረዳን። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። የከተማው ምክር ቤት የሚያጸድቀው ከታች ተሰብስቦ የመጣውን ነው። ወረዳውም የራሱ ምክር ቤት አለው። ጥያቄ ወደ ዕቅድ የሚገባው ከዚያ በፊት ባሉት ወራት ነው። ሰው ግን አቤት የሚለው ችግኙ ሲደርቅ፣ ጥር ላይ ነው። በዚያን ጊዜ የያዝነው ዓመት ብር ተመድቦ አልቋል። ኃላፊው በቀና ልብ እሺ ቢል እንኳ የሚያወጣበት የበጀት ርዕስ የለውም። ስለዚህ ጥር ላይ ስትሄዱ ለዘንድሮ አትለምኑ፤ ለከርሞ አስይዙ።

ሁለተኛው ምክሩ ስለ አጠያየቅ ነው። መናፈሻ ይሠራልን የሚል አቤቱታ በየጊዜው ይመጣል። ምን ያህል ብር እንደሚፈጅ ስለማይታወቅ የትም አይገባም። ሦስት ነገር ለይታችሁ ጠይቁ አለ፦ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ለስምንት ወር የአንድ አትክልተኛ ደመወዝ፣ አንድ የውሃ ቆጣሪ፣ አንድ ሮቶ ከነማስቀመጫው። ይህ ዋጋ የሚወጣለት፣ ማንም ባለሙያ በአንድ መስመር የሚጽፈው ነገር ነው። ደብዳቤው ለሥራ አስፈጻሚው ብቻ ሳይሆን በግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤት ይሂድ። ገቢ ሆኖ ቁጥር ይሰጠው።

27. አንዱ ይህን አላመነም። ገቢ የሆነ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ሲያረጅ አይቻለሁ አለ። እኔም አይቻለሁ። አምስተኛዋ መላሽ ግን እዚህ ላይ ተመልሳ፣ በቁጣ ሳይሆን በጥሩ መንፈስ፣ ቁጥር ያለው ደብዳቤ በመሳቢያ ውስጥም ቢሆን ማስረጃ ነው፤ በሚቀጥለው የሕዝብ ስብሰባ ላይ ቁጥሩ እየተጠራ ይጠየቃል ብላ መለሰች። ጋሼም ለስብሰባው አብሬ እመጣለሁ ብለዋል።

28. አራተኛው መላሽም ተመለሰ። ተረቱን ትቶ ሥራ ይዞ ነው የመጣው። በሱ ሳይት ከእያንዳንዱ ቤት በወር ትንሽ መዋጮ ሰብስበው ጥበቃው ማለዳ ተረኛነቱን ሲጨርስ ለአንድ ሰዓት እንዲያጠጣ ተስማምተዋል። ሰውየው ተጨማሪ ገቢ አገኘ፣ ችግኙም ዳነ። መንግሥት እስኪመጣ ድረስ ይህ ይሠራል፤ ግን ሰው ቤቱን አከራይቶ ሲወጣ መዋጮው እየተቆራረጠ እንደሚቸገሩም አልደበቀም።

ከ29 እስከ 33. የቀረው ክርክር ቆጣሪው በማን ስም ይውጣ የሚለው ነው። ገና አልተቋጨም። በማኅበሩ ስም ከወጣ ሂደቱ ፈጣን ነው፤ ቢሉ ግን ለዘለዓለም የኛ ይሆናል። በወረዳው ስም ከወጣ ወጪው በየዓመቱ በጀት ውስጥ ይገባል፤ አንድ ዓመት ሳይከፈል ከቀረ ግን ይቆረጣል፣ ማስቀጠያውም ረጅም ነው። የመጀመሪያዋ መላሽ ቦታው ከይዞታችን መስመር ውጪ መሆኑ ከተረጋገጠ በማኅበሩ ስም እንዳታወጡ ትላለች፤ ያልሰጧችሁን መሬት ወጪ በፈቃዳችሁ ተሸከማችሁ ማለት ነውና። በበጀት ሥራ ላይ ያለው ሰው ደግሞ ለመጀመሪያው ዓመት በማኅበሩ፣ በጽሑፍ ስምምነት ለወረዳው የሚተላለፍ ይሁን ይላል። እኔ ወደ መጀመሪያዋ አደላለሁ።

የደብዳቤውን ረቂቅ ጽፌዋለሁ። ሦስቱን ጥያቄዎች፣ የሃያኛዋን መሃሉ ክፍት ይሁን የሚል ሐሳብ፣ ሽንት ቤቱን፣ ጥር ላይ የሚደረገውን ቆጠራ አስገብቻለሁ። የቆጣሪው መስመር ብቻ ባዶ ነው። የሳይታችን ሰዎች፣ እሁድ ከሰዓት በኋላ ብሎኩ ሥር እንገናኝ። የፕላኑን ቅጂ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። ኮሚቴዎች ደግሞ ያለፈውን ዓመት የጋራ ውሃ ቢል አምጡልን፤ እሱን ሳናይ በቆጣሪው ላይ መወሰን አንችልም።